«ኦሪጅናል» ወይስ «ፎርጂድ»? ስለ አንድ ሌንስ ምርጫ

እኛ አገር ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው፤ «ኦሪጅናል» እና «ፎርጂድ»። መሀል ላይ ያለ ነገር ቦታ የለውም። ስለዚህ ካሜራውን የሠራው ኩባንያ ያልሠራው ሌንስ ሁሉ «ፎርጂድ» ተብሎ ይታለፋል።

ይህ ትክክል አይደለም። ሲግማ እ.ኤ.አ. ከ1961፣ ታምሮን ደግሞ ከ1950 ጀምሮ ያሉ የጃፓን ኩባንያዎች ናቸው። በራሳቸው ስም ይሠራሉ፣ በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። ፎርጂድ ማለት የሌላውን ስም የሰረቀ ነው።

ነገሩን በደንብ እንዳስብበት ያደረገኝ ሥራዬ ነው። በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ፤ የማነጋግረውን ሰው ፎቶ የማነሳውም እኔው ነኝ። ብዙ ጊዜ ቦታው አንዲት መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ነው፤ መብራት ላይኖር ይችላል። ያለኝ ዙም ሌንስ ቀዳዳው ከ4 በላይ አይሰፋም። 1.8 ድረስ የሚከፈት ሌንስ ከእሱ 5 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ለፊት ፎቶ የሚመረጠው ደግሞ 85 ሚሊ ሜትር ነው።

ካሜራዬ ካኖን ስለሆነ ምርጫው ሦስት ሆነ። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሸጠው የካኖን 85 ሚሜ 1.8፣ ያገለገለ። ሁለተኛው ከእሱም የረከሰ፣ አዲስ የቻይና ሌንስ። ሦስተኛው የሲግማ 85 ሚሜ 1.4 አርት። የሲግማው በምስል ጥራት ካኖኑን ያስከነዳል፤ ግን 1,130 ግራም ይመዝናል፣ ካኖኑ 425 ግራም ነው። ቀኑን ሙሉ በታክሲና በእግሩ ለሚዞር ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ዋጋውም ከአቅሜ በላይ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በብር ተከፍሎት በዶላር የተተመነ ዕቃ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚሰማው እናንተም ታውቁታላችሁ።

«ኦሪጅናል ግዛ፣ ዋስትና አለው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የትኛው ዋስትና? ዕቃው የሚመጣው ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሚመለስ ሰው ሻንጣ ነው። ቢበላሽ ወረቀቱን ይዤ የት እሄዳለሁ?

ለእኔ የቀረው ጥያቄ ፎከስ ነው። ሌንስና ካሜራ በኤሌክትሮኒክ ምልክት ይነጋገራሉ። ቋንቋው የካሜራው ባለቤት ንብረት ስለሆነ ሌሎች ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ምርምር ፈትተው ነው የሚሠሩት። አዲስ የካሜራ ሞዴል ሲወጣ የቆየው ሌንስ ላይግባባው ይችላል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢ ማያያዣውን መሠረታዊ መረጃ ያለክፍያ ለሌሎች ከፈተ፤ የሶኒ ተጠቃሚ ዛሬ ምርጫው የበዛለት አንድም በዚህ ነው። ካኖን ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው አርኤፍ ማያያዣ በሩን ዘጋ። በ2022 የቻይናው ቪልትሮክስ ለዚሁ ማያያዣ የሠራቸውን አውቶፎከስ ሌንሶች መሸጥ አቆመ። ሲግማና ታምሮን በፈቃድ መግባታቸውን ያስታወቁት በ2024 ነው፤ እሱም ለአነስተኛ ሴንሰር ካሜራዎች።

ሁለቱን ሌንሶች ከጓደኞቼ ተውሼ ሞከርኳቸው። በቀን ብርሃን ፎቶዎቹን ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ደብዘዝ ባለ ክፍል ግን የቻይናው ፎከስ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ይላል። በ85 ሚሜ፣ በ1.8፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይኗን የሳተ ሌንስ ጆሮዋን ይይዛል። ልጇን ያጣች እናት ስትናገር ቀና ያለችበትን ቅጽበት «እስቲ ይድገሙልኝ» አይባልም።

ስለዚህ ያገለገለውን ካኖን ገዛሁ። እንከን የለሽ አይደለም፤ እስከ ጥግ ሲከፈት በብርሃንና በጥቁር ድንበር ላይ ሐምራዊ ጥላ ይጥላል። እሱን በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል፤ የሳተ ፎከስ ግን አይስተካከልም። ሰው አስቀምጣችሁ፣ ጊዜ ወስዳችሁ የምታነሱ ከሆነ ርካሹን ግዙና በተረፋችሁ ገንዘብ መብራት ጨምሩበት። ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ መስታወቱን በስልክ መብራት አሳልፋችሁ ሻጋታ ፈልጉ፤ ሻጩን አስቀምጣችሁ ዓይኑን 20 ጊዜ አንሱና ስንቱ እንደጠራ ቁጠሩ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። አብዛኞቹ ጽሑፌን የሚገዙኝ የሚከፍሉት ለጽሑፉ ነው፤ ፎቶው «አብሮ የሚመጣ» ተደርጎ ይታያል። ይህን ሌንስ በጽሑፍ ክፍያ ስቆጥረው የወራት ሥራ ነው። መሣሪያውን ጋዜጠኛው ከኪሱ እየገዛ እስከቀጠለ ድረስ የማን ፊት ጥርት ብሎ ለሕዝብ እንደሚታይ የሚወስነው የጋዜጠኛው ኪስ ነው። አሳታሚዎቻችን ስለ ጥራት ሲያወሩ ይህን ወጪ ማን እየተሸከመ እንደሆነ አብረው ቢያስቡበት ደግ ነው።