ሳያስፈቅዱ ማለፍ

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። ይህ ተረት የሚናገረው የራሱን ስላፈሰሰ ሰው ነው። እኔ ግን ቸኩዬ የሰው አፍስሻለሁና፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እንዴት እንደ ሆነ ልንገርህ።

በእንግሊዝ አገር ሰው የቆፈራቸው ቦዮች ብዙ ናቸው። በነዚህ ላይ የሚሄደው ጠባብ ጀልባ ወርዱ ከ2 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ርዝመቱ ግን እስከ 21 ሜትር ይደርሳል። ዱሮ የድንጋይ ከሰልና ሸቀጥ ይጭን ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰዎች ቤት አድርገው ይኖሩበታል። ምድጃው፥ ማዕድ ቤቱና አልጋው እንደ ባቡር ፉርጎ በአንድ መስመር ይከታተላሉ። ውሃ ከዳር ቧንቧ ይቀዳል፤ ቆሻሻውንም ተሸክሞ መድፋት የባለቤቱ ሥራ ነው።

በ2011 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር፥ በሚያዝያ መጨረሻ፥ አንድ ወዳጄ በጀልባው ይዞኝ ወደ ሎንዶን ሄድን። ሊትል ቬኒስ በሚባለው ሰፈር ከ1975 ጀምሮ የቦይ ጀልባዎች በዓል ሲከበር ቆይቷል። የመጣንበት ቦይ በ1793 የተከፈተ ሲሆን፥ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱበት ጀልባ የሚያስቆም አንድም የውሃ በር የለበትም። ሕጉ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ መሄድን ይከለክላል፤ በታሰረ ጀልባ አጠገብ ሲያልፉ ደግሞ ከዚያም በጣም መቀነስ ይገባል። ቦዩ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ስለ ሆነ፥ ፈጥኖ የሚያልፍ ጀልባ ውሃውን ከፊቱ እየገፋ ከጎኑ ይስበዋል፤ ዳር የታሰረው ጀልባ ይናወጣል፥ ካስማው ይነቀላል፥ በውስጡ ያለው ዕቃ ይወድቃል።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ነግሮኝ መሪውን ሰጠኝና ምሳ ሊያበስል ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ግን መልካሙ ስፍራ ሳይያዝብን እንድረስ ብዬ ፍጥነት ጨመርሁ። በአንድ ቀይ ጀልባ አጠገብ ሳልፍ ከውስጥ፥ «ቀስ በል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንሁ፤ ይባስ ብዬ ሰላምታ እንደ ተሰጠው ሰው እጄን አነሣሁ።

ወደ ማታ ያ ቀይ ጀልባ መጣ። በበዓሉ ስፍራ ጀልባዎች ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ፥ በውጭ በኩል ያለው ሰው ወደ ምድር የሚወርደው የጎረቤቱን ጀልባ ተሻግሮ ነው። ቀዩ ጀልባ ከእኛ ጎን ታሰረ። ባለቤቷ አሮጊት ነበሩ፤ የእጃቸው አንጓ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

ሦስት ቀን ሙሉ ባንዲራው ሲውለበለብ፥ ሙዚቃው ሲሰማ፥ እሑድ ማታም ጀልባዎቹ በመብራት አጊጠው ተራ በተራ ሲያልፉ ሕዝቡ ይደሰት ነበር። እኔ ግን የምሰማው የአሮጊቷን ማንኳኳት ነበር። ውሃ ሊቀዱ በወጡና በገቡ ቁጥር ጣራችንን ቀስ አድርገው መትተው፥ «ማለፍ ይቻላል?» ይሉናል። ሲነጋጋ ደግሞ እንዳይቀሰቅሱን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሻገራሉ። እኔ ሳላስፈቅድ ያለፍኋቸው ሴት እኔን ሳያስፈቅዱ አላለፉም።

ሰኞ ጧት የውሃ ዕቃቸውን ተቀበልኋቸውና፥ «ያን ቀን ፈጥኜ ያለፍሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ጀልባችሁን ገና ስትታሰር ዐውቄያታለሁ። ማንቆርቆሪያው ከምድጃው ላይ ወድቆ ነው እጄን ያቃጠለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ነው። አሁን ካሳ አልፈልግም፤ ስትመለስ ግን የታሰረ ጀልባ ባየህ ቁጥር ውስጡ ሰው አለ በል።»

ስንመለስ እንደ ተባልሁት አደረግሁ። መንገዱ እስኪመሽ ወሰደብን፤ ማንም ግን አልጮኸብንም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በችኮላህ የራስህን ብታፈስ ለቅመህ ትመልሰዋለህ። የሌላውን ባፈሰስህ ጊዜ ግን የሚለቅመው እርሱ ነው፤ አንተም አልፈህ ስለ ሄድህ አታየውም። እኔ ያየሁት ቦታ ጠቦ አጠገቤ ስለ ታሰሩ ብቻ ነው።