ሰርን ለምትሄደው እህቴ

ሚጡዬ፣ የኔ ቆንጆ፣

እማዬ ሻንጣሽን ሽሮና በርበሬ ስትሞላበት ሰነበተች አሉ። እኔ የማስይዝሽ ኪሎ የማይቆጠርበት ነገር ነው።

ጄኔቭ፣ የፊዚክስ ምርምር ማዕከሉ ሰርን ደርሰሽ ቢሮ ሲሰጡሽ ኮምፒውተሩ ባዶ ይመስልሻል። የዳታ መተንተኛው ሩት የለ፣ የቅንጣት ማስመሰያው ጂያንት 4 የለ። ኢንስቶል ላድርግ ብለሽ እንዳትነሺ፤ ሁሉም አለ። ሲቪኤምኤፍኤስ የሚሉት የጋራ ማከማቻ ውስጥ ነው የተቀመጠው። እዚያው ግቢም ሆነ ሌላ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲከፈት ይዘቱ ያው ነው። ዋናውን ፎልደር ስትዘረዝሪው ባዶ ቢሆንብሽ አትደንግጪ። የአያታችን ጓዳ ትዝ ይልሻል? ሲያዩት ምንም የለበትም፤ የፈለገውን በስሙ ለጠየቀ ግን ይወጣለታል። አንቺም የማከማቻውን ሙሉ ስም ጽፈሽ ግቢ፤ ያኔ ይመጣል።

ሩትን መጀመሪያ ስትከፍቺው ይንቀራፈፋል። የሚያስፈልገውን ፋይል ብቻ እየመረጠ ከሩቅ ሰርቨር ስለሚያመጣ ነው። የመጣው ማሽንሽ ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ በሁለተኛው ቶሎ ይከፈታል። የሚያመጣውም በኤችቲቲፒ ነው፤ ድረ ገጽ በሚመጣበት መንገድ። ቲም በርነርስ ሊ የዌብን ሐሳብ በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረበው እዚያው ሰርን ስለሆነ፣ ይሄ አንቺን ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ።

ማከማቻው ላይ ማንበብ እንጂ መጻፍ አትችዪም። ብዙ ሰው በዚህ ይነጫነጫል፤ እኔ ግን የምወደው ለዚሁ ነው። የምትሠሪበትን ቨርዥን ማንም ሌሊት ተነስቶ አይቀይርብሽም። አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ሳይነካ አጠገቡ ይቀመጣል። ኤልሲጂ የሚባሉት ስብስቦች ደግሞ ሩትን፣ ፓይተንን፣ ኮምፓይለሩን አብረው እንዲሠሩ አድርገው የያዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም ቁጥር አለው። ተርሚናል ከፍተሽ አንዱን በአንድ መስመር ትጠሪያለሽ፤ የሚያውቀው ያ ተርሚናል ብቻ ነው። «በየጊዜው ከምትጽፊው፣ ተርሚናል ሲከፈት የሚነበበው ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ክተቺውና ተገላገዪ» የሚልሽ አይጠፋም። እንዳትሰሚው! ሌላ ስብስብ የፈለግሽ ዕለት ሁለቱ ይደባለቁና ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ስህተት ሲያወጡብሽ ይውላሉ። የስብስቡን ቁጥር ግን ከእያንዳንዱ ግራፍሽ ሥር ጻፊው፤ አለቃሽ ውጤቱን ደግሜ ልየው ሲል መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

በርቀት የምትገቢባቸው ኤልኤክስፕላስ የሚባሉት ማሽኖች የሁሉም ናቸውና ከባድ ሥራ አትጫኚባቸው። ሥራ ለሚያከፋፍለው ለኤችቲኮንዶር ስጪው፤ ወረፋውን ጠብቆ ሌሊቱን ይሠራልሻል። አንቺ ተኚ እባክሽ፤ አመልሽን አውቀዋለሁ።

የሆነ ነገር እምቢ ሲልሽ ከትእዛዙ ጀምሮ የወጣውን ጽሑፍ ሳትቆርጪ ላኪልኝ። «አልሠራም አለኝ» ብለሽ ብቻ ከላክሽ ግን አልመልስልሽም፤ ቢበዛ ለአንድ ሰዓት።

የሚወድሽ ወንድምሽ