ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

የልጄ ልጅ የ23 ዓመት ጎረምሳ ነው። እናቱ ዓረብ አገር ስትሄድ ገና የ4 ዓመት ልጅ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ «እማዬ» የሚለውም እኔኑ ነው። እናቱ በላከችው ገንዘብ በተገዛች ቦክሰር ሞተር ሳይክል ከጨፋ ሮቢት ከሚሴ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ወደ ሰንበቴ ገበያ ሰው ያመላልሳል። ባለፈው ጥር አንድ ማታ ገብቶ ራቱን ሳይነካ ቁጭ አለ። ቆይቶ፣ «እማዬ፣ ጊደሯን ልንሸጣት ነው» አለኝ።

ሞተሩ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ አምጥቷል። መካኒኩ ለአፍታ ሰምቶ «ቢየላው ሄዷል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» ብሎታል። ያ ማለት ሞተሩ ብሎን በብሎን ይፈታል፣ መለዋወጫ ይፈለጋል፣ ልጁም እስከዚያ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ዋጋውን ሲነግረኝ ጊደሯም ብትሸጥ አትሸፍነውም።

እኔ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ፣ አብዛኛውንም በእናቶችና ሕፃናት ክፍል የጨረስኩ ነርስ ነኝ። ስለ ቢየላ የማውቀው ነገር አልነበረም። ነገር ግን የሰው ሆድ የሚከፈተው በሽተኛው ከተጠየቀና ከተደመጠ በኋላ ነው፤ የብረት ሆድስ ለምን ይቸኮልበታል? «እስቲ ነገ ጠዋት ሳታስነሳት ጠብቀኝ» አልኩት።

መጀመሪያ መጠየቅ ነው። ከመቼ ጀምሮ? ጠዋት ነው የሚብሰው ወይስ ሲሞቅ? ዳገት ላይ ይጨምራል? ጠዋት ሲነሳ በጣም እንደሚጮህ፣ ሲሞቅ ደግሞ እንደሚቀንስ ነገረኝ። «ከዚያ በፊት ነክተኸው ነበር?» ስለው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። በሽተኛም እንዲሁ ነው፤ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚያወጣው። «ወላሂ እማዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ነው» ብሎ ጀመረ። ሁለት ሰው አፈናጦ ሲሄድ ማርሚታው ድንጋይ መትቶበት፣ ፈቶ አስበይዶ ራሱ መልሶ አስሮታል። ከአንድ ሰው በላይ እንዳይጭን ቃል አስገብቼው ነበር። ተናደድኩ፤ ግን ዝም አልኩ። የሚናገር በሽተኛ ላይ የጮኸ ነርስ ሁለተኛ እውነት አይሰማም።

ማዳመጫን የፈጠረው ላኤኔክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1816 የአንዲት ሴት ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ አፍሮ ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ። በኋላ ከእንጨት ሠራው። እኛ አዋላጆች የፅንስ ልብ የምንሰማበት ቀንድ የመሰለ መሣሪያም የዚያው ዘር ነው። ድምፅ በብረት ውስጥ ከአየር ይልቅ ከ10 እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ ረጅም ካቻቢቴም ለሞተር ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ሞተሯን ደጅ አውጥተን በሁለት እግሯ አቆምናት፣ ማርሹን ፎሌ አደረግን። ደጅ ማውጣቱን አደራ እላለሁ፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቤት ይገድላል። ነጠላዬን አስቀምጬ ሻሼን ጠበቅ አደረግኩ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ፊት ባለው አጥንት ላይ አሳረፍኩ፤ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ አይከተትም። ከታች፣ ቢየላው ከሚዞርበት ክፍል ጀመርኩ፤ እንደ ወፍጮ ቤት ድምፅ የተስተካከለ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ወደ ላይ፣ ቫልቮቹ ወዳሉበት ራስ ወጣሁ።

«እዚህ ምንም የለም» አልኩ።

ልጁ ተቀብሎኝ አዳመጠና፣ «እንዴ እማዬ! እንደ ሰዓት ቲክ ቲክ ይላል እኮ» አለ።

እንደገና ሞከርኩ። አልሰማሁም። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለስንት ሽማግሌ አስረድቻለሁ። በራሴ ላይ ያገኘሁት ግን ያን ቀን፣ ቦክሰር ሞተር ላይ ጎንበስ ብዬ ነው። የሕፃን ሳንባ ውስጥ ያለ ስስ ድምፅም ቀጭን ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበሩት ዓመታት «ደረቱ ንጹህ ነው» ብዬ የሸኘሁት ልጅ ይኖር ይሆን? በማግስቱ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ እሱ ጆሮ ሆነ፣ እኔ ጠያቂ። ቫልቭ ትንሽ ቲክ ማለቱ ጤና መሆኑን፣ የሚያሳስበው ከወትሮው ሲለወጥ መሆኑን ነገርኩት። ለዚህም ነው ሞተር ደህና ሳለ ማዳመጥ የሚያስፈልገው። ጤነኛ ልብ ያልሰማ የታመመውን አይለይም።

ካቻቢቴ የሚይዘው በብረት የሚመጣውን ነው፤ በአየር ለሚያፈስ ሌላ ዘዴ ያሻል። አሮጌ ማዳመጫዬን አወጣሁ፤ ደረት ላይ የሚያርፈውን ክብ ብረት ነቅዬ ባዶ ቱቦውን አስቀረሁ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን እንደገና አስነሳነውና ማርሚታው ከሞተሩ በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያ፣ ሦስት ጣት ያህል አርቆ፣ ሳይነካ አዞረው። ድንገት ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አሸሸ። «ይተፋል!» ቱቦውን ተቀበልኩት። ይህን እኔም ሰማሁት፤ «ጭፍ ጭፍ»፣ እንደ ትንፋሽ። አጥፍተን ስናይ መጋጠሚያው ዙሪያ ጥላሸት ተቀብቷል። ያረጀውን ጓርኒሲዮን ሳይቀይር ነበር መልሶ ያሰረው። ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ክፍተቱን ስለሚያጠብበው ነው ድምፁ ከረፋድ በኋላ የሚቀንሰው።

በማግስቱ ወደዚያው መካኒክ ወሰደው። መካኒኩ አልተቀየመም፤ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብቶ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ድምፁም ጠፋ። «ሲስተርን ጋራዥ አምጣልን» ብሎ ስቋል አሉ። በሱም አልፈርድም፤ በጩኸት መካከል ቆሞ በባዶ ጆሮ ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም።

ጊደሯ በረት ውስጥ አለች። ልጁ አርብ አርብ ጠዋት፣ ሞተሯ ሳትሞቅ፣ ካቻቢቴውን ይዞ ይንበረከካል። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቄዋለሁ፤ ድምፁ ከታች፣ ከሆዷ፣ ወፍራም «ዱክ ዱክ» ከሆነ፣ ስትሞቅና ሸክም ሲበዛባት የሚብስ ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይነዳት አጥፍቶ መካኒክ ይጥራ። ያኔ ስለ ጊደሯ እንደገና እንነጋገራለን።