ከመቀየር በፊት መለካት

እኛ ዘንድ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆነ?» ሳይሆን «ምን እንቀይር?» ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ አሰልጣኝ ይቀየራል። መሥሪያ ቤቱ ሲያቅተው ኃላፊው ይቀየራል፤ አንዳንዴም ስሙ። ችግሩ ግን እዚያው ነው።

ዛሬ ይህንኑ በመኪና ላሳያችሁ።

መኪናዬ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ሰሞኑን ማርሽ መቀየር እየዘገየ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ቤንዚን እየበላ አስቸገረኝ፤ የሞተር መብራቱም በራ። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ባለሙያው ሰፈሩን አንዴ ዞሮበት መጣና «ካምቢዮው አልቋል፤ ይውረድ። ሱማሌ ተራ ያገለገለ አይጠፋም» አለኝ። ቴስተር አላወጣም፣ በኮምፒውተር አላየም። የጠራው ዋጋ የብዙ ወር ደሞዜ ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሰው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ኮምፒውተሩን ሰካ፤ ኮዱ ፒ0713 አለ፤ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መለኪያ ሴንሰር ማለት ነው። «ወንድሜ፣ መኪናው እዚህ ይደር፤ ሳይነሳ ጠዋት ልየው» አለኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቆሞ ያደረ መኪና ውኃውም፣ አየሩም፣ ዘይቱም ተቀራራቢ ሙቀት ማሳየት አለባቸው።

ጠዋት የራዲያተር ውኃው 14 ዲግሪ፣ አየሩ 14፣ የካምቢዮ ዘይቱ ግን ከዜሮ በታች 40! አዲስ አበባ እንዲህ በርዷት አያውቅም።

የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ ሁለቱን ገመዶች በአጭር ሽቦ አገናኛቸው። ንባቡ ወዲያው ወደ ከፍተኛው ሙቀት ዘለለ። ስለዚህ ገመዱም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው። ቀጥሎ ሴንሰሩን በቴስተር ለካው። ጤነኛ ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፤ የኔው ግን ጭራሽ አያስተላልፍም፤ ውስጡ ተቆርጧል። ሴንሰሩ ተቀየረ፤ ካምቢዮው ሳይወርድ ዛሬም እየሠራ ነው።

ልብ በሉ፤ የመኪናው ኮምፒውተር አላጠፋም። «ዘይቱ በረዶ ነው» የሚል ሪፖርት ደረሰው፣ ለበረዶ የሚገባውን ውሳኔ ወሰነ። ከታች ውሸት ሲመጣ ከላይ ያለው አዋቂ ቢሆንም ያው ነው። ሪፖርቱን ሳንፈትሽ ወሳኙን ብንቀያይር አዲሱም የሚወስነው በዚያው ውሸት ነው።

በእርግጥ ካምቢዮ የሚያልቅበት ጊዜ አለ፤ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ሲያመጣ ያኔ ሴንሰር ቀይሮ መዳን የለም። ግን ይህንንም የሚያውቀው ያየ ሰው ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ጋራዥ ላይ መጫንም ልክ አይደለም። እኛ ደንበኞች ዕቃ ሲቀየር እንከፍላለን፤ ሁለት ሰዓት መርምሮ «ይህ ደህና ነው» ላለን ሰው ግን «ለማየት ብቻ ይከፈላል እንዴ?» እንላለን። በመቀየር ብቻ የሚበላ ባለሙያ ቢቀይር ምን ይገርማል?

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። ለምርመራ መክፈል እንልመድ፤ ለመኪናም፣ ለመሥሪያ ቤትም።