ለአሳማ የተሰጠው መድኃኒት በሰው ደም ላይ ያመጣው ጣጣ

ደም ለባክቴሪያ የሚመች ቤት አይደለም። ጥርስ ሲቦረሽ እንኳ ጥቂት ባክቴሪያዎች ወደ ደም ሊገቡ ይችላሉ። በጤነኛ ሰው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሐኪምም ባለቤቱም ሳያውቁ ብዙም ሳይቆዩ ያልቃሉ።

ከሚገድሏቸው መሣሪያዎች አንዱ ፔፕታይድ የሚባሉት ጥቃቅን የሰውነት ውጤቶች ናቸው። የብዙ ባክቴሪያዎች ሽፋን ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ ፔፕታይዶቹ ደግሞ ፖዘቲቭ ናቸው። ስለዚህ ይሳሳባሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ሽፋኑም ይቀደዳል። ባክቴሪያውም እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ሳልሞኔላ ለምሳሌ ፔፕታይዶቹ መምጣታቸውን የሚያውቅበት ዘዴ አለው፤ ሲያውቅም የሽፋኑን ቻርጅ ይቀንሳል። የሚይዙት ነገር ያጣሉ።

ይህ ትግል ጥንታዊ ነው። ሰው የገባበት ግን በቅርቡ ነው።

ኮሊስቲን በአፈር ባክቴሪያ የሚሠራ አንቲባዮቲክ ሲሆን አገዳደሉም ከፔፕታይዶቹ ጋር ይመሳሰላል። ኩላሊት ስለሚጎዳ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ገሸሽ አድርገውት ነበር፤ ሌላው መድኃኒት ሁሉ እምቢ ሲል ግን የመጨረሻ መጠጊያ ሆነ። በእነዚያው ዓመታት በቻይና እርሻዎች አሳማ ቶሎ እንዲያድግ በመኖ እየተቀላቀለ በገፍ ይሰጥ ነበር። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ኤምሲአር-1 የተባለ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ የመቋቋሚያ ጂን መገኘቱ ይፋ ሆነ። ሥራው ያንኑ ቻርጅ መቀነስ ነው። ቻይናም በ2017 ኮሊስቲንን ለማደለቢያ መጠቀም ከለከለች።

ነገሩ እዚህ አላበቃም። በ2023 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂኑን የያዘ ኢ. ኮላይ በሰው የደም ሴረም ውስጥ ሲፈተን ከሌላው ቢያንስ በእጥፍ መቋቋሙን አሳዩ። መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያ ሳይታሰብ ከሰውነት የራሱ መከላከያም ጋር ተላምዷል።

«በጀርም መድኃኒቱን መልመድ» ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ኪኒን መሥራት ማቆሙን ነው። ኪኒን ካልሠራ ሌላ ይፈለጋል፤ ደም ግን ምትክ ፋብሪካ የለውም። ዛሬ የሰውነትን ፔፕታይዶች አስመስለው አዳዲስ መድኃኒቶች ለመሥራት የሚጥሩ ብዙ ናቸው። ባክቴሪያው እነዚያን ቢለምድ በሰው ደም ላይ ምን ያስከትላል የሚለው ጥያቄ መድኃኒቱ ገበያ ሳይወጣ መመለስ አለበት፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ በከብት መኖ ውስጥ ሳይገባ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።