ውሃ በፍንጃል

ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ኮበር ከተማ ውስጥ ውሃ ብርቅ አይደለም። ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣው ለማጠቢያና ለማብሰያ በቧንቧ ይወርዳል፤ የሚጠጣው ደግሞ በትልልቅ ጋሎን እስከ በር ይመጣል። በየመስጊዱ ደጅና በየሀብታሙ አጥር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀዳበት ማቀዝቀዣ አለ፤ ሰቢል ይሉታል። ሾፌሩ፣ መንገድ ጠራጊው፣ የግንባታ ሠራተኛው ሲያልፍ ይጠጣል፤ አጅሩ ላቆመው ሰው ይጻፋል። እኔ የሠራሁበት የራካ ሰፈር ቤትም አጥሩ ላይ ሰቢል ነበረው። አባወራው ሲሞቱ ለነፍሳቸው ተብሎ የተተከለ ነው። ባለቤታቸው፣ እኔ «ማማ» እያልኩ የምጠራቸው አሮጊት፣ ከዚያው አጥር ውስጥ ሆነው በውሃ ጥም ይቃጠሉ ነበር።

የልብ ድካም ይዟቸዋል። እኔ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው፤ እየዋለ እያደረ ግን ሥራዬ በሙሉ እሳቸው ሆኑ። ሌሊት በሦስት ትራስ ተደግፈው ነው የሚተኙት፤ ዝቅ ካሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እግራቸውን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጎድጉዶ ይቀራል። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመጡ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ሚዛን ላይ አቆማቸውና ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ቶሎ ደውሉ ተብለናል። ሚዛኑን የገዛው ሾፌሩ ነው፣ ደማም ሴይኮ ገበያ ሄዶ።

ደማም ያለው ሐኪማቸው የወሰነላቸው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ነበር። ሻዩም፣ ሾርባውም፣ ለበን የሚሉት አሬራም፣ ሐብሐቡም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

የባቲ ልጅ ነኝ። ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ አፋሮቹ ግመላቸውን እየነዱ ከቆላ ሲወጡ እናቴ እንስራ ሙሉ ውሃ ደጅ ላይ ታስቀምጥ ነበር። ውሃ የጠየቀን ሰው «የለም» ማለት እኛ አገር ነውር ብቻ አይደለም፣ ሐራምም ነው። እንግዲህ እንደዚያ ተኮትኩቼ አድጌ፣ ፍሪጅ ሙሉ ውሃ ባለበት ቤት፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንዲት ጉንጭ» ሲሉኝ «ማማ፣ አልቋል» ማለት የቀን ተቀን ሥራዬ ሆነ። ልጃቸው ማዳም ብትቆጣም ከልቧ አልነበረም፤ እናቷ ወደ ሕፃንነት የተመለሱ ይመስላት ነበር። «ገና አሁን ጠጣሽ እኮ!» ትላቸዋለች። የልጅ ልጆቹ ግን ቀሚሳቸው ሥር ደብቀው ሐብሐብ ያቀብሏቸዋል። ፍሬውን ትራሳቸው ሥር አገኘዋለሁ።

ነገሩን በቅጡ ያስረዳኝ ደሴ ነርስ የሆነው ወንድሜ ነው፣ በስልክ። ልብ ሲደክም ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ኩላሊት ታዲያ የልቡን ድካም የት ያውቃል? ሰውየው በረሃ ላይ ውሃ ያለቀበት ይመስለዋል። ጨውና ውሃ እንዳይወጣ ይይዛል፤ በሚያስነሣው ሆርሞን በኩል ደግሞ አንጎልን «ጠጣ» ይለዋል። እግሩ በውሃ አብጦ፣ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ፣ ሰውየው ይጠማል። በዚያ ላይ ላዚክስ፣ እኛ የሽንት ኪኒን የምንለው፣ ሲጨመርበት ምላስ እንደ ቆርበት ይደርቃል። «ምኞት አይደለም፣ በሽታው ራሱ ነው የሚጠማው» አለኝ ወንድሜ። ይህንን ለማዳም በተሰባበረ ዐረብኛዬ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ «ገና አሁን ጠጣሽ» ስትል አልሰማሁም።

በ2003 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በሐምሌ መጨረሻ ነው። የኮበርን ነሐሴ ያላየ ሰው ሙቀት ብቻ ይመስለዋል፤ ወበቁ ነው የሚገድለው። ከቤት ስትወጪ መነጽርሽ በጉም ይሸፈናል። ከ14 ሰዓት በላይ ነው የሚጾመው። ማማን ሐኪሙ ከልክሏቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ቀን ፊድያ ይከፈልላቸዋል፣ ምስኪን ይበላል። እሳቸው ግን አልተዋጠላቸውም። «ሌላው ሰው ለአላህ ይጠማል፤ እኔ ለማን ነው የምጠማው?» አሉኝ አንድ ከሰዓት። መልስ አልነበረኝም።

አዛን ሲል ቤተሰቡ ሁሉ የአል አህሳን ኸላስ ተምር በውሃና በለበን ያፈጥራል። እኔ ከማማ ጋር ክፍላቸው ውስጥ አፈጥር ነበር። ብርጭቆዬን ሞልተው ይሰጡኝና «ጠጪ፣ ቀስ ብለሽ፣ እኔ እያየሁሽ» ይላሉ። ጉሮሮዬ ሲወርድ ሲወጣ ዐይናቸው አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ አፍሬ ወደ ግድግዳ ዞርኩ። «አይ፣ ወደዚህ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊታቸው ነው የጠጣሁት፣ እስከ ታች።

በዚያው ረመዳን፣ ለሱሁር ስነሣ አልጋቸውን ባዶ አገኘሁት። ሽንት ቤት የሉም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ማማ አባያቸውን በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው፣ ሰቢሉ ሥር፣ ሾፌሩ በሚወዳት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በሰንሰለት የታሰረችውን ኩባያ በሁለት እጃቸው ይዘዋታል። ኩባያዋ ባዶ ነበረች። ስንት እንደጠጡ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸው ግን ራሳቸው «የባሌ ውሃ ነው» አሉኝ፣ ክርክር እንደሚረታ ሰው ኮራ ብለው። ደግፌ አስገባኋቸው። በሁለተኛው ቀን ሚዛኑ ወጣ፣ ማታውን ሳንባቸው እንደ ፈላ ጀበና መንተክተክ ጀመረ። ወደ ደማም ስንገሠግሥ ማዳም ከኋላ ወንበር እናቷን ደረቷ ላይ ደግፋ ታለቅስ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ያሳለፍናቸው ቀናት ለእኔ ትምህርት ቤት ነበሩ። አስተማሪዬ የሕንድ ኬረላ ተወላጅ የሆነች ነርስ ናት፤ ዐረብኛዋ ከእኔም ይብሳል፣ ግን በእጇ ታስረዳለች። ውሃውን ከመቁጠራችን በፊት ጨውን አስቆጠረችን። ጡርሺ የሚሉት በጨው የተዘፈዘፈ አትክልት፣ ወይራ፣ የታሸገ አይብ፣ ካብሳ በሚሉት ሩዝ ላይ የሚጣል ማጊ፤ እነዚህ ሁሉ ጥም የሚጠሩ ናቸው። እኛ ቤት ውሃ ከልክለን ጡርሺ በየማዕዱ እናቀርብ ነበር! ቀጥላ አፍ ማጠብን፣ ስኳር የሌለበት ማስቲካ ማኘክን፣ ሎሚ የተጨመቀበት በረዶ መምጠጥን አሳየችን። የደረቀ ከንፈር ላይ ቅባት መቀባት እንኳ ይረዳል፤ ጥሙ ግማሹ አፍ ላይ ነውና።

ፍንጃሉን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። ብርጭቆ ሲሰጧቸው በሁለት ጉንጭ ያልቃል፣ ከዚያ ንጭንጭ ነው። የቃህዋ፣ የዐረብ ቡና፣ ፍንጃላቸውን ወስጄ በመድኃኒት መለኪያ ስለካው እስከ አፉ 60 ሚሊ ሊትር ያዘ፤ 25 ፍንጃል ማለት አንድ ሊትር ተኩል ነው። የተምር ፍሬ አጥቤ 25ቱን በሰሃን ሰጠኋቸው። በጠጡ ቁጥር አንዷን ወደ ሌላ ሰሃን ያዛውራሉ፤ ሾርባ ከበሉ አራት ፍሬ በአንዴ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ «ስንት ቀረኝ?» ብለው እኔን መጠየቅ ተዉ። አንዳንድ ቀን ለማታ ስምንት ፍሬ ያስተርፉና እንደ ነጋዴ ይፈነድቃሉ። ውሃውን የሚጠጡት እንደ ቃህዋ ነው፤ በቀኝ እጅ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ። ሲጨርሱም እንደ ዐረቦቹ ወግ ፍንጃሉን ወዝወዝ አድርገው ይመልሱልኛል፣ «በቃኝ» ለማለት። እንዳልበቃቸው ሁለታችንም እናውቃለን። ወጉ ግን ወግ ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላም ሁለት ረመዳን አሳልፈዋል። የሞቱት ክረምት ላይ ነው፣ እኔ ባቲ ተመልሼ ሳለሁ።

አሁን ወንድሜ እንደሚለኝ የውሃው ክልከላ ራሱ እያከራከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኔዘርላንድስ ውስጥ 504 የልብ ድካም ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ አንድ ሊትር ተኩል ተወስኖላቸው ግማሾቹ እንደፈለጉ እንዲጠጡ ተደርጎ፣ ከሦስት ወር በኋላ በጤና ስሜታቸው ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ጥሙ ግን የተከለከሉትን ነው ያስጨነቃቸው። ስሰማ ደሜ ፈላ። ወንድሜ ነው ያበረደኝ፤ እነዚያ በሽታቸው የረጋላቸው፣ ቤታቸው ሆነው የሚታከሙ ናቸው። የማማ ሳንባ ውሃ ቋጥሮ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ ነበር፤ እንደሳቸው ላለ ሰው ገደቡ አይቀርም። እሺ ብያለሁ። ቢሆንም ሐኪም ቤት ውስጥ ትንፋሻቸውን፣ እግራቸውን፣ ሽንታቸውን ሲጠይቁ ሰምቻለሁ፤ «ጥምዎ እንዴት ነው?» ያላቸው ሰው ግን ከዚያች ነርስ በቀር ትዝ አይለኝም።

ባለፈው ዓመት ማዳም በዋትስአፕ ደወለችልኝ። ባሏ ልቡ ደክሟል፣ ውሃ ተወስኖበታል፣ ቤቱን በቁጣ አናውጦታል። የሎሚውን በረዶ እንዴት ነበር የምትሠሪው አለችኝ። ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቀሽ፣ ናዕናዕ ጣል አድርገሽበት፣ በትንንሹ አቀዝቅዢው አልኳት። «ሲቀልጥ ግን ውሃ ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ ፍንጃል ቁጠሪው።» መቆጠር አይወድም አለችኝ።

«አንቺ አትቁጠሪበት» አልኳት። «ተምሩን ራሱ ይብላ፣ ፍሬውንም ራሱ ይያዝ። እና ጡርሺውን ከማዕዱ አንሺልኝ።»