የጎታውና የቀመሩ ወግ

በእኛ አገር «ኢንቬንተሪ» የሚለውን ቃል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከተዘጋ በር ላይ ነው። ሰኔ ሲያልቅ ለጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ ይላሉ፤ በሩ ላይ «ቆጠራ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጥ ወንበር ይቆጠራል፣ ጠረጴዛ ይቆጠራል፣ እግሩ የተሰበረው ሳይቀር ቁጥር ተጽፎበት ይቆጠራል። ሐምሌ ሲገባ ሁሉም ይረሳል። ታዲያ ይህ ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጥ፣ ቀመር ያለው ትምህርት ነው ሲባል ሰው ቢስቅ ምን ይገርማል? «ደግሞ ዕቃ ለመቁጠር ዲግሪ!»

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ነው። ከግምጃ ቤት ጋር የነበረኝ ትውውቅ በጠመኔ በኩል ብቻ ነበር። ስሙን በማልጠራው አንድ ተቋም ሳስተምር ጠመኔ ያልቃል። ዕቃው በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ ወረቀቱ አንድም አይጎድልም። የሚጎድለው ጠመኔው ነው። ይገዛ የሚባለው ካለቀ በኋላ ነው፤ ግዢው ደግሞ ወራት ይፈጃል። እዚያው ግምጃ ቤት ውስጥ ግን ማንም ያልጠየቀው የካርቦን ወረቀት እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ሰኔ 30 ሲደርስ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ የተገዛ ነዋ! የሚፈለገው የማይገኝበት፣ የማይፈለገው የሞላበት ቤት ማለት ይሄ ነው። ትምህርቱም የመጣው ይህን በሽታ ለማከም ነው።

ደባርቅ አካባቢ ይህንኑ ኮርስ ለቢዝነስ ተማሪዎች የሚያስተምር አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። ደባርቅን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ በር ናት፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች፤ ብርዷ ጋቢ አያስወልቅም። ዛሬ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ያለው እዚያ ነው። ወዳጄ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1913 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በትንሽ በትንሹ ብታመጣ የመጓጓዣው ወጪ ይገድልሃል፤ አንዴ ብዙ ብታመጣ ገንዘብህ መጋዘን ውስጥ ይተኛል። ቀመሩ መሐሉን ይፈልጋል።

እንበልና አንድ የደባርቅ ነጋዴ በዓመት 360 ኩንታል ስኳር ይሸጣል። ከጎንደር አንድ ጊዜ ለማምጣት 5000 ብር ያወጣል። አንድ ኩንታል ዓመቱን ሙሉ ለማስቀመጥ 1000 ብር ይፈጅበታል። ቀመሩ «60 ኩንታል፣ በዓመት 6 ጊዜ አምጣ» ይለዋል። ያማረ ነው። ወዳጄ ይህን ጽፎ ሲዞር ከዳባት የመጣች ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መንገዱ ቢዘጋስ?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። የምትናገረው ስለምታውቀው አገር ነው። ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደው ሊማሊሞ ጣሊያን መኪና ሳያወጣበት በፊት የቅፍለት መንገድ ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲጓዝ ያለፈው በዚያ ነው። እሱን እንተወው፤ የሩቅ ታሪክ ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ወደ ሽሬ የሚያሻግረው የንግድ መስመር ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ውጊያው ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደረሰ። ደባርቅም ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀለውን ሰው ተቀበለች። የሃሪስ ቀመር ግን ፍላጎቱ የማይዋዥቅ፣ ዕቃውም በቀኑ የሚደርስ ነው ብሎ ነው የሚነሣው።

የልጅቱ እናት ቀመሩን አታውቅም። አዝመራው ሲገባ ግን ገብሱንና ባቄላውን ትለያለች፤ ይህ ለዘር፣ ይህ ለቀለብ፣ ይህ ለድግስ፣ ይህ ለገበያ ትላለች። ክረምት እንደሚያስርብ ታውቃለችና ገና በሚያዝያ እጇን ጎታው ውስጥ ሰድዳ «አይበቃንም፣ እናጥብቅ» ትላለች። መጽሐፉ ይህን ዳግም የማዘዣ ነጥብ ይለዋል። ዘሩንማ ቤተሰቡ ቢራብ እንኳን በመጨረሻ ነው የሚነካው። ይህንን ደግሞ የመጠባበቂያ ክምችት ይለዋል። እኛ «የክፉ ቀን» እንለዋለን፤ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን የፈጀውን ረሃብ በዚህ ስም የጠራ ሕዝብ ቃሉን በዋዛ አልመረጠውም።

የጃፓኑ ቶዮታ «ልክ በሰዓቱ ይድረስ እንጂ አይከማች» ብሎ ዓለምን አስተማረ። ትምህርቱ ፋብሪካዎችን አበልጽጓል። ሆኖም በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲመጣ ሀብታሞቹ አገሮች የአፍ መሸፈኛ አጡ። በዓመቱ አንዲት መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድማ የዓለምን ንግድ 6 ቀን አስጠበቀች። ዮሴፍ በግብፅ የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸው ሞኝ ሆኖ አልነበረም።

ይሁንና ጎታውን ለማሞገስ ብቻ ብዕር አላነሣሁም። ጎታ ውስጥ ነቀዝ አለ፣ አይጥ አለ። መዝገብ የለም፤ «ሲቆጠር በረከቱ ይሄዳል» የሚል ብዙ ነው። ደግሞም የእናት እጅ የአንድ ቤት ጎታ ይለካል እንጂ የአንድ ክልልን ማዳበሪያ አይለካም። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ አጥተው የክልሉ ገበሬዎች ቅሬታቸውን ይዘው አደባባይ ወጥተዋል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የውጭ ንግዳችን የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ከመርከብ እስከ ቀበሌ ያለው ጉዞ ረጅም ነው። ታዲያ ሰኔ እኮ በየዓመቱ ይመጣል! ከዘሩ ቀን ወደኋላ ቆጥሮ የግዢውን ቀን መያዝ ያው የቀመሩ ሥራ ነው። ዘር ካለፈ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ሰኔ 30 የተገዛ የካርቦን ወረቀት ነው፤ ልዩነቱ በዚህኛው ሰው መራቡ ነው።

«ምን ላድርግ ጋሼ?» ሲለኝ ቀመሩን አትጣለው አልኩት። ለዕረፍት ሲሄዱ ግን የቤት ሥራ ስጣቸው። እናታችሁን ጠይቁ በላቸው፦ ስንት ቁና ገባ? እንደማይበቃ መቼ አወቅሽ? ስንቱን ነቀዝ በላው? አመጣ። ተማሪዎቹ ጽፈው መጡ። የዳባቷ ልጅ እናት «የሚበላውን ቁጠሩ፤ ዘሩን ግን አትንኩብኝ» ብለዋት ኖሯል። ወዳጄ ክፍል ውስጥ አነበበው፤ ያን ቀን የሳቀ የለም።

እነዚህ ልጆች ነገ ተመርቀው በየወረዳው ግምጃ ቤት፣ በየጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ይቀመጣሉ። ልጇን አዝላ ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣች እናት መስኮቱ ጋ ስትደርስ «አልቋል» ትባላለች። ከዚያ ቀን ሁለት ወር ቀደም ብሎ «እያለቀ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ካፈራን፣ ዲግሪው ዕቃ ለመቁጠርም ቢሆን አይበዛበትም።